በበረዶ ወራት የመርፌ ሥራ
የሰሜን ጃፓን ገበሬ ሴቶች ስፌትና ለሙያችን የሚሰጠው ትምህርት

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)




በዚህ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ስለ እጅ ስፌት እንድናገር ስለ ተጋበዝሁ ከፍ ያለ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ስለ አገራችን ጥልፍና ጥለት የሚናገሩ ብዙ አዋቂዎች በዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል። ስለዚህ እኔ ዛሬ በቦታ ሩቅ፣ በሙያ ግን እጅግ ቅርብ የሆነ አንድ ጉዳይ ይዤ ቀርቤአለሁ። ይኸውም በሰሜን ጃፓን ጹጋሩ በተባለው አገር የገበሬ ሴቶች በረዶ በሚወርድባቸው ረጅም ወራት ያዳበሩት የመርፌ ሥራ ነው። በንግግሬ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ አሳስባለሁ።

ይህን ርእስ የመረጥሁት ስለ ውበቱ ብቻ አይደለም። የእጅ ሥራ በሚወደስበት ስፍራ ሁሉ ሁለት ጥያቄዎች ተሸፋፍነው ያልፋሉ። አንደኛው፣ ችግር የወለደውን ጥበብ፣ ችግሩን ራሱን ሳናወድስ እንዴት ልናከብረው እንችላለን የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ የሠሪዋን ድካም በምን እንለካዋለን የሚለው ነው። የጹጋሩ ሴቶች ታሪክ ለሁለቱም ጥያቄዎች ጥሩ መፈተኛ ስለሆነ፣ እንደሚከተለው በዝርዝር እመለከተዋለሁ።

አገሩና ብርዱ

ጹጋሩ የሚገኘው የጃፓን ትልቋ ደሴት ሆንሹ በምታበቃበት በሰሜን ጫፍ፣ ዛሬ አኦሞሪ ተብሎ በሚጠራው ክፍለ ሀገር ምዕራባዊ ወገን ነው። የሂሮሳኪ ከተማ የጹጋሩ መሳፍንት መቀመጫ ነበረች። በዙሪያዋ የሩዝ እርሻ የተንጣለለበት ሜዳ አለ፤ ከሜዳውም ላይ 1,625 ሜትር ከፍታ ያለው የኢዋኪ ተራራ ብቻውን ቆሞ ይታያል።

የብርድ ወራት ሲገባ ከሳይቤሪያ የሚነሣው ደረቅና ቀዝቃዛ ነፋስ የጃፓንን ባሕር ይሻገራል። በሚሻገርበትም ጊዜ ከእርሱ ይልቅ ሞቃት ከሆነው ውሃ እርጥበት ይቀበላል፤ ከተራሮቹ ጋር ሲጋጠም ያንኑ እርጥበት በበረዶ መልክ ያራግፈዋል። በረዶ ስል በእኛ አገር በክረምት እንደ ጠጠር ጣራ የሚመታውን ማለቴ አይደለም። እንደ ጥጥ ባዘቶ ድምፅ ሳያሰማ እየረገፈ የሚከመረውን ነው። በአኦሞሪ ከተማ በአንድ የብርድ ወቅት የሚወርደው በረዶ በየዕለቱ ተለክቶ ሲደመር በአማካይ ከ5 ሜትር በላይ ይሆናል። ከታኅሣሥ ጀምሮ እስከ መጋቢት ድረስ ማሳው ተሸፍኖ ስለሚቆይ በቀድሞው ዘመን እርሻ ጨርሶ ይቆም ነበር። ወንዶቹ ከሩዝ ገለባ ገመድና ጫማ ሲጎነጉኑ፣ ሴቶቹ በምድጃው ዙሪያ ተቀምጠው ይፈትሉ፣ ይሸምኑና ይሰፉ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። የእኛ የመንዝ ሰው ብርድ ሲጠናበት በግ አለው። ከጠጉሩ ባናና በርኖስ ይሠራል፤ ከቆዳው ደበሎ ይለብሳል። በቀድሞው ጃፓን ግን በግ ማርባት የተለመደ አልነበረም። ጥጥ ደግሞ ሙቀት ወዳድ ተክል ስለሆነ በጹጋሩ ምድር አይበቅልም። ለገበሬው የቀረለት ሄምፕ የተባለው የቃጫ ተክል ብቻ ነበር። ሄምፕ ጠንካራ ክር ይሰጣል፤ ነገር ግን ሸማው ሳሳ ያለ ስለሆነ ነፋስ በቀላሉ ያልፍበታል። ለበጋ ፀሐይ የሚመች ልብስ ለበረዶ ወራት የማይመች ይሆናል። እንግዲህ የጹጋሩ ሴት የገጠማት ጥያቄ አጭርና ግልጽ ነበር፤ በዚህ ወንፊት በመሰለ ጨርቅ ልጆቼን ከብርድ እንዴት አድርጌ ላውጣቸው?

ዐዋጁ

ብርዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በንግድ በተቃለለ ነበር። ከምዕራብ ጃፓን የሚነሡ መርከቦች የጃፓንን ባሕር ዳርቻ ተከትለው ወደ ሰሜን ይመላለሱ ነበርና፣ ከጭነታቸው መካከል የጥጥ ጨርቅና ያገለገለ ልብስ ይገኝበት ነበር። ይሁን እንጂ በ1724 የጹጋሩ አገዛዝ ስለ ቁጠባ ባወጣው ዐዋጅ ገበሬው የጥጥ ልብስ እንዳይለብስ ከለከለ። በዚያ ዘመን ልብስ የማዕረግ ምልክት ስለ ነበር፣ ገበሬው በሥራም በዕረፍትም ጊዜ ሄምፕ ለብሶ መኖር ግዴታው ሆነ። ክልከላው ቀርቶለት እንኳ ቢሆን በሩቅ መንገድ የሚመጣውን ጥጥ የመግዛት አቅም ያለው ገበሬ ጥቂት ነበር።

ሴቶቹ መልሱን ያገኙት በመርፌ ነው። የሄምፑን ጨርቅ በኒል ሰማያዊ አድርገው ከቀለሙ በኋላ ክፍተቱን በክር መሙላት ጀመሩ። መጀመሪያ የሚሰፉት በዚያው በሄምፕ ክር ነበር፤ ኋላ ነጭ የጥጥ ክር በጥቂት በጥቂቱ ወደ ገበሬው እጅ ሲገባ በእርሱ መስፋት ያዙ። ክሩ የጨርቁን ቀዳዳ ይደፍናል፤ በክርና በክር መካከልም የማይንቀሳቀስ አየር ስለሚያዝ የገላ ሙቀት አያመልጥም። ከዚህም ሌላ፣ ሸክም የሚያርፍበት ትከሻና ጀርባ በቶሎ እንዳያልቅ ያጠነክረዋል። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ሂራኖ ሳዳሂኮ የተባለ የመስፍኑ አገልጋይ የጹጋሩን ሕዝብ ኑሮ በሥዕል ሲመዘግብ ይህንኑ የተሰፋ ልብስ ሥሎታል። ስለሆነም ሥራው በዚያ ጊዜ የታወቀና የተስፋፋ እንደ ነበረ እንረዳለን።

የአሠራሩ ሥርዓት

ልብሱ ኮጊን ይባላል። ኮጊን ማለት በመጀመሪያ ገበሬው ለሥራ የሚለብሰው አጭር የሄምፕ ልብስ ስም ሲሆን፣ ኋላ የስፌቱ ዓይነት በዚሁ ስም ተጠራ። ለሙያችን ሰዎች የአሠራሩ ሥርዓት በተለይ የሚያስደስት ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት።

ሰፊዋ በጨርቁ ላይ ምንም ንድፍ አትሥልም። መርፌዋ በማጉ አቅጣጫ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር ይጓዛል፤ በሚጓዝበትም ጊዜ የድሩን ክሮች እየቆጠረ ከላይ ይታያል፣ ከታች ይሰወራል። ቁጥሩ ሁልጊዜ ጎደሎ ነው፤ 1፣ 3፣ 5 ወይም 7። ጎደሎ ቁጥር ምን ጊዜም አንድ መካከለኛ ክር አለው። ከዚያ መካከለኛ ክር ተነሥቶ በየመስመሩ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ክር ሲጨመር፣ ቅርጹ እየሰፋ ይሄድና ተመልሶ ሲጠብ ባለ አራት ማዕዘን አልማዝ መሰል መልክ ይወጣል። የጹጋሩ አልማዝ ወደ ላይ ረዘም ያለ ነው። በምሥራቅ በኩል በናምቡ አገር የሚሰፋውና ሂሺዛሺ የሚባለው የዚሁ ሥራ ዘመድ ግን በሙሉ ቁጥር ስለሚቆጠር፣ አልማዙ ወደ ጎን የተዘረጋ ይሆናል። በአንድ ክር ልዩነት ብቻ የሁለት አገር ሰዎች በልብሳቸው ይለያሉ ማለት ነው።

ሥራው የሚጀመረው ከጨርቁ መካከል ነው። የመጀመሪያው መስመር ከተሳሳተ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ይሳሳታል፤ ስሕተቱን ለማረም መፍታት እንጂ ሌላ መንገድ የለም። ስለዚህ ቆጠራው ከእጅ ፍጥነት ይበልጣል። የእኛ ሸማኔ ጥለት ሲያወጣ ድሩን እየቆጠረ ባለ ቀለሙን ክር በማጉ አቅጣጫ ያስገባል። የጹጋሩ ሴትም ያንኑ ዓይነት ቆጠራ ታደርጋለች፤ ልዩነቱ፣ እርስዋ ይህን የምትፈጽመው ጨርቁ ከዕቃው ላይ ከወረደ በኋላ በመርፌ መሆኑ ነው። በዚህም ምክንያት ኮጊንን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው የተሸመነ እንጂ የተሰፋ አይመስለውም።

ትናንሾቹ የቅርጽ መነሻዎች ሞዶኮ ይባላሉ፤ ቁጥራቸውም 40 ያህል ነው። ስማቸው የተወሰደው ሴቶቹ በየቀኑ ከሚያዩት ነገር ነው። ባቄላ መሰሉ ማሜኮ፣ አበባ መሰሉ ሃናኮ፣ የድመት ዓይን የሚባለው ኔኮኖማናጉ፣ የዓሣ ቅርፊት የሚመስለው ኡሮኮ፣ ቅል የሚመስለው ፉኩቤ፣ ከእነዚህ መካከል ይገኛሉ። እነዚህ እርስ በርሳቸው ሲጣመሩ የሚወጣው ቅርጽ ሊቈጠር አይችልም። የስፌቱ ዓይነት በየአካባቢው ሦስት ነው። በምዕራብ ወገን ጨርቁ ቀጭን፣ ስፌቱ ደቃቅ ነው፤ በትከሻው ላይ አግዳሚ መስመሮች ይሰፉበታል። በምሥራቅ ወገን ጨርቁ ወፍራም፣ ቅርጹም ትልልቅ ነው። ሦስተኛው ሚሺማ ይባላል፤ በደረትና በጀርባ ላይ ሦስት ጎላ ያሉ አግዳሚ መስመሮች አሉት። ከዚህ ከሦስተኛው ወገን እስከ ዛሬ የተረፈው ጥቂት ነው።

ልጃገረዶች ገና በሕፃንነታቸው መርፌ እንዲይዙ ይደረግ ነበር፤ ለጋብቻቸውም የሚሆነውን ልብስ ራሳቸው ሰፍተው ያዘጋጁ ነበር። ነጩ ክር በእድፍ ብዛት መልኩ ሲለወጥ፣ ወይም ባለቤቲቱ በዕድሜ ስትገፋ፣ ልብሱ እንደገና በኒል ይነከራል። ያን ጊዜ ስፌቱ በሰማያዊ ላይ ሰማያዊ ሆኖ፣ ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ብቻ ይታያል። አንዳንዱም ባረጀው ስፌት ላይ በድጋሚ ይሰፋበት ነበር። ይህም ልብሱ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር ሳይሆን፣ የሚለብሰው ሰው እስካለ ድረስ የሚሠራ ነገር እንደ ነበረ ያስረዳናል።

ድሪቶው

እስካሁን የተናገርሁት ስለሚያምረው ወገን ነው። ነገር ግን ያንኑ መርፌ ያንኑ ሌሊት ይዘው የሠሩት ሌላ ሥራ አለ፤ እርሱም ድሪቶው ነው። ጃፓኖች ቦሮ ይሉታል። ትርጉሙም እንደ እኛው ቃል የተቦጨቀ፣ ተጣጥፎና ተደራርቶ የተሰፋ ነገር ማለት ነው።

በሰሜን ጃፓን የእራፊ ጨርቅ ዋጋ እጅግ ከፍ ያለ ነበር። ቅዳጁ በቅዳጁ ላይ እየተጣፈ፣ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ይተላለፍ ነበር። ዶንጃ የሚባለው የሌሊት ልብስ ሽፋኑ ከእንደዚህ ያለ እራፊ የተሰፋ ሲሆን፣ በውስጡ የሄምፕ ውዳቂ ይጠቀጠቅበታል። ቤተሰቡ በአንድ ዶንጃ ውስጥ ገብቶ በየገላው ሙቀት እየተጋገዘ ያድር እንደ ነበር ይነገራል። ቦዶ የሚባል በእራፊ ላይ እራፊ የተደረበበት ምንጣፍ ደግሞ ነበራቸው፤ ሴቶች የሚወልዱት በዚያ ላይ ነበር። አዲስ የተወለደው ሕፃን በመጀመሪያ የሚያርፈው ከእርሱ በፊት የነበሩት ዘመዶቹ በለበሱት ጨርቅ ላይ ነው ማለት ነው። ከዚህም የባሰ ያረጀው የጥጥ ጨርቅ በቀጭኑ እየተሸረከተ ማግ ይሆናል፤ በሄምፕ ድርም ላይ ተሸምኖ አዲስ ልብስ ይወጣዋል።

ይህ ሁሉ ሊጠፋ ሲል የሰበሰበው ታናካ ቹዛቡሮ የተባለ የዚያው አገር ሰው ነው። ከ1933 እስከ 2013 በኖረበት ዘመን በየመንደሩ እየዞረ፣ ባለቤቶቹ የድህነት ማስረጃ አድርገው የሚቈጥሩትን ልብስ በክብር አኖረው። በ1983 የጃፓን መንግሥት 786 ያህል የጹጋሩና የናምቡ የተሰፉ ልብሶችን ጠቃሚ የሕዝብ ባህል ቅርስ ብሎ ሰየማቸው። ከታናካ ስብስብ ከፊሉ በ2009 በቶኪዮ አሳኩሳ ሰፈር በተከፈተውና በ2019 በተዘጋው ሙዚየም ውስጥ ለሕዝብ ታይቶአል።

እነሆ፣ በመግቢያዬ ያነሣሁት የመጀመሪያው ጥያቄ በዚህ ስፍራ ይገጥመናል። ዛሬ የቦሮ ጨርቅ በሰብሳቢዎች ዘንድ በከፍተኛ ዋጋ ይሸጣል፤ የፋሽን ነዳፊዎችም አዲስ ጨርቅ ሆን ብለው ያረጀና የተጣፈ ያስመስሉታል። አንዳንድ ጸሐፊዎችም ያ ዐዋጅና ያ ብርድ ባይኖሩ ኖሮ ይህ ውበት ባልተገኘ ነበር እስከ ማለት ይደርሳሉ። ነገሩ እውነትነት ቢኖረውም ቀጥሎ የሚመጣው መደምደሚያ ግን ትክክል አይሆንም። ዐዋጁ የሠራው አንዳች ነገር የለም፤ ዐዋጁ የከለከለው ብቻ ነው። የሠሩት ሴቶቹ ናቸው። ከነፋስ ለመዳን ቀዳዳውን መድፈን ይበቃ ነበር፤ የድመትን ዓይንና የባቄላን መልክ መቍጠር ግን ብርዱ የጠየቀው አልነበረም። እርሱ የሰፊዋ ትርፍ ስጦታ ነው። ስለሆነም ስናመሰግን ለችግሩ ሳይሆን፣ በችግሩ ውስጥ ሆና ከሚበቃው በላይ ለሠራችው ሰው ይሁን።

ባቡሩ ከመጣ በኋላ

የመሳፍንቱ ዘመን ሲያበቃ የልብሱ ክልከላም አብሮ ቀረ። በ1891 ከቶኪዮ እስከ አኦሞሪ የሚደርሰው የባቡር ሐዲድ ተፈጸመ፤ የፋብሪካ ጨርቅም በርካሽ ይገባ ጀመር። ሴቶቹ ሄምፑንም መርፌውንም ተዉት። ማንም ሊወቅሳቸው አይችልም፤ ሞቃት ልብስ ያለ ድካም ማግኘት መታደል ነውና። በአንድ ትውልድ ውስጥ የሚሰፋው ሰው እየጠፋ፣ አሮጌው ልብስም እየተቀደደ ለሌላ ሥራ እየዋለ ሄደ።

ያናጊ ሶኤጹ የተባለው የሕዝብ ዕደ ጥበብ ሊቅ በ1932 በሚያዘጋጀው መጽሔት ላይ ስለ ኮጊን ጽፎ የአንባብያንን ዓይን ወደዚያ መለሰ። በዚያው ዓመት በሂሮሳኪ አንድ የኢንዱስትሪ ምርምር ሕንፃ ተሠራ፤ ንድፉን ያወጣው ከፈረንሳይ የተመለሰው ወጣቱ መሐንዲስ ማኤካዋ ኩኒዮ ነበር። ዛሬ በዚያ ሕንፃ ውስጥ የሂሮሳኪ ኮጊን ምርምር ተቋም ይገኛል። የኮጊን ስፌት እንደገና የተነሣው የቀሩት ልብሶች ተፈልገው፣ ቅርጾቹ በቁጥር ተቀድተውና ተመዝግበው ነው። አሁን ስፌቱ በቦርሳ፣ በትራስ ልብስና በመሳሰለው ላይ ይሠራል፤ መርፌ የሚይዙትም ሴቶች ልጆቻቸውን ከብርድ ለማዳን ሳይሆን ስለሚወዱት ወይም ስለሚከፈላቸው ነው።

በዚህ ላይ ከእኛ ታሪክ ጋር የሚገናኝ አንድ ነገር አለ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወደ ጃፓን የተጓዙት በ1931 ሲሆን፣ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለው መጽሐፋቸው በ1924 ዓ.ም. በአገራችን አቆጣጠር ታትሞአል። በነዚያው ዓመታት ገበያችን በጃፓን ፋብሪካ የጥጥ ጨርቅ ተሞልቶ ነበር። ስለዚህ እኛ ጃፓንን ያወቅናት ሥልጣኔዋ ባፈራው ርካሽ ጨርቅ ነው። ያው የፋብሪካ ጨርቅ በገዛ አገሩ የጹጋሩን መርፌ ያስጣለ መሆኑን፣ እዚያም ያንን የተጣለ መርፌ ከጥፋት ለማዳን የሚደክሙ ሰዎች እንደ ነበሩ ግን የሰማን ጥቂቶች ነን።

ለሙያችን የሚሰጠው ትምህርት

ሁለተኛው ጥያቄ የድካም ልክ ነው። ለማስረዳት ያህል አንድ ስሌት ላቅርብ። በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ 10 ማግ ያለው ጨርቅ ነው እንበል። የሚሰፋው የደረቱና የጀርባው ቁመት በድምሩ 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በእያንዳንዱ ማግ ላይ አንድ መስመር ሲሰፋ 600 መስመር ይሆናል። አንዱ መስመር 5 ደቂቃ ብቻ ቢወስድ፣ ጠቅላላው 3,000 ደቂቃ፣ ማለትም 50 ሰዓት ነው። ይህም የጎኑን ስፋት ሳንቈጥር፣ መፈተሉን፣ መሸመኑንና መቀለሙንም ሳንጨምር ነው። አሁን እያንዳንዳችን የአካባቢያችንን የሰዓት ዋጋ በዚህ እናባዛው። የሚገኘውን ቁጥር ገበያ ላይ ከተሰቀለው የጥልፍ ቀሚስ ዋጋ ጋር ስናስተያየው፣ ልዩነቱን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ ወዲያው ይገባናል። ልዩነቱን የምትከፍለው ጠላፊዋ ናት፤ የምትከፍለውም በዓይኗና በጀርባዋ ነው።

ያናጊ የማይታወቀውን ሠሪ ትሕትና አጥብቆ ያወደሰ ሰው ነበር። ሐሳቡ ብዙ መልካም ነገር ቢኖርበትም፣ በእኔ አስተያየት አንድ ጉድለት አለው። የጹጋሩ ሴቶች ስማቸውን ያልጻፉት ትሑታን ስለ ሆኑ ብቻ አይደለም፤ ማንም ስላልጠየቃቸው ነው። የዕቃው ባለቤት፣ የገዢውና የሰብሳቢው ስም በመዝገብ ላይ ሲገኝ፣ የሠሪዋ ስም ግን አይገኝም። ይህ ዝምታ ውበት ሊባል አይገባውም።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት ለማኅበራችን ሦስት ሐሳቦች አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በየቤቱ ያሉት የጥልፍና የጥለት ቅርጾች በፎቶግራፍ ብቻ ሳይሆን በክር ቁጥራቸው ይመዝገቡ። ፎቶግራፍ መልኩን ያሳያል፤ አሠራሩን ግን የሚያስተምረው ቁጥሩ ነው። የኮጊን ስፌትም ሊነሣ የቻለው ቅርጾቹ መስመር በመስመር ሊቈጠሩ በመቻላቸው ነው። ሁለተኛ፣ በአባሎቻችን ሱቆችና ኤግዚቢሽኖች በሚቀርበው የእጅ ሥራ ላይ የሠሪዋ ስምና የፈጀው ሰዓት፣ እርስዋ ከፈቀደች፣ ይጻፍበት። ገዢው ዋጋውን ከመከራከሩ በፊት ሰዓቱን ያንብብ። ሦስተኛ፣ በማሠልጠኛዎቻችን መጣፍና መጠገን ከጥልፍ እኩል እንደ ሙያ ይሰጥ። ድሪቶ የሚለውን ቃል ለስድብ ብቻ ማዋል ከጀመርን ብዙ ጊዜ ሆኖናል፤ ነገር ግን አንድን ጨርቅ ሦስት ትውልድ እንዲያገለግል ማድረግ ከፍ ያለ ዕውቀት ይጠይቃል።

እነዚህ ሐሳቦች ወጪ ያስከትላሉ፤ ሁለተኛው በተለይ አንዳንድ ነጋዴ አባሎቻችንን ላያስደስት ይችላል። ሆኖም ምርጫችን ሁለት ብቻ ነው። ወይ እጅ ሥራችን በችግር ብቻ የሚሠራ ሆኖ ይቀጥልና፣ ችግሩ የለቀቃት ሴት ሁሉ መርፌውን ትጥለዋለች፤ የጹጋሩ ሴቶችም ባቡሩ ሲመጣ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ወይም ደግሞ ተገቢ ዋጋ የሚከፈለው ሙያ ይሆንና፣ ሌላ ሥራ ማግኘት የምትችል ሴት እንኳ ወዳ ትይዘዋለች። ማኅበር ያስፈለገን ለዚህ ለሁለተኛው ይመስለኛል።